ጋሽ ቆይና «አጥፋ» የምትለው ቁልፍ

ጋሽ ቆይን ድንገት ያገኘኋቸው ቀለም መሸጫ ሱቅ ውስጥ ነው። ለቤታቸው በር ቀለም እየመረጡ ነበር። ባለቤታቸው የቀለም ቆርቆሮ ላይ ተቀምጠው ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈዋል፤ ሻጩ ከራሱ ትዕግሥት ጋር ግብግብ ገጥሟል። እሳቸው ግን «ቆይ እስቲ፣ ነጭ ስትል የትኛውን ነጭ ነው?» ይላሉ።

ሰው ተሰብስቦ በነፃ አንድ ነገር በሚሠራበት ቦታ ሁሉ «ቆይ» የሚል ሰው አይጠፋም። ከጠፋ ተሰብሳቢዎቹ ገና አልተዋወቁም ማለት ነው። የእኛው ክቡርነታቸው ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። እኛ ደግሞ ለትንንሽ ክሊኒኮች የሕሙማን ካርድ መያዣ ፕሮግራም የምንሠራ በጎ ፈቃደኞች ነን። ፕሮግራሙ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የፈለገ ይጠቀምበታል፣ የፈለገ ገብቶ ያሻሽለዋል። አንድ ሰው እንኳ ምክንያት አቅርቦ ከተቃወመ ደግሞ ነገሩ ሳይወሰን ይቆያል። ይህን ደንብ ስናወጣ ጋሽ ቆይን አናውቃቸውም ነበር።

«ዕድሜ» የሚል ሳጥን ስናስገባ «ዛሬ የተወለደውስ? ዜሮ ነው ብትሉ እናቱ ትቀየማለች» ብለው ክረምቱን አስጨረሱን። አሁን ደግሞ ያቆሙን ካርድ የምትደመስሰው ቁልፍ ላይ ነው። «አጥፋ» ትላለች።

«ምኑን ነው የሚያጠፋው? ካርዱን ነው ኮምፒውተሩን?» ብለው ተቃወሙ።

ከመካከላችን አንዷ ቢመራት «ጋሼ፣ የሚጠቀምበት እኮ ሰው ነው፤ ይገባዋል!» አለቻቸው።

«ሰው ስለሆነ እኮ ነው የፈራሁት።»

ሰኞ ፕሮግራሙን የምትረከብ ነርስ አለች። ቃል የገባሁላት እኔ ነኝ። ስለዚህ ሱቁ ውስጥ ጠጋ ብዬ «ጋሼ፣ በሞቴ፣ ተቃውሞዎን ይተዉልን» አልኳቸው።

ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። «አንቺ፣ ሥራ ጨርሰሽ ልትወጪ ስትይ ኮምፒውተሩ ላይ ‹አጥፋ› የሚል ብታዪ ምን ታደርጊ ነበር?»

ዕድሜ ልካቸውን የቢሮ ጸሐፊ የነበሩት እመቤት ቀና እንኳ አላሉም። «አጥፍቼ እሄዳለኋ! ሲበራ ይደር?»

«እኔም አጠፋለሁ» አለ ሻጩ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ነርሷ ዓይኔ ላይ መጣችብኝ። ጨዋ ሰው ናት፤ ቦርሳዋን አንስታ፣ ወንበሯን አስጠግታ፣ በየቀኑ አንድ አንድ በሽተኛ እያጠፋች ወደ ቤቷ ስትሄድ ታየኝ። እዚያው ቆሜ ስልኬን አወጣሁና ፕሮግራሙን ከፍቼ የቁልፏን ጽሑፍ «ካርዱን ሰርዝ» ብዬ ቀየርኩት። ለጓደኞቼም ምክንያቱን ጻፍኩላቸው። ጋሽ ቆይ በትከሻዬ ላይ አሻግረው አነበቡ፣ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ተቃውሟቸውንም ተዉ። እንዲህ ያለ ነገር ሲያደርጉ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እውነቱን ልናገርና፣ እሳቸው ባይኖሩ ሁሉን ነገር በጊዜ ጨርሰን በጊዜ እንሳሳት ነበር። አንድ ስብሰባ ቢቀሩ ቀድሜ ደውዬ «ምነው ደኅና አይደሉም እንዴ?» የምለው እኔው ነኝ። ስለዚህ ስንሰነባበት «ጋሼ፣ የሠሪዎቹ ስም ሲጻፍ የእርስዎን ከሁሉም በላይ አስቀምጠዋለሁ» አልኳቸው።

ደንግጠው እጄን ያዙኝ።

«ተው ልጄ፣ ስሜን እንዳታስገባ! የእኔ ነው ከተባለ በኋላ እንዴት አድርጌ እቃወመዋለሁ?»