ኡም ዘኻሪ ደጃፍ ላይ ሲቀመጡ

በየመንደሩ አንድ ሰው አይጠፋም፤ መከራ ሳይደርስ ቀድሞ የሚደርስ። ሐኪም እንዳይሉት መድኃኒት አይሰጥ፣ ጠንቋይ እንዳይሉት ሲያስቀድስ ይታያል። ሥራው ከሰው ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ “አይዟችሁ” ማለት ብቻ ነው። ምን እንደሆነ ገና ሳይታወቅ “አይዟችሁ” ከመባል የበለጠ የሚያስፈራ ነገር ደግሞ በዚህ ዓለም የለም።

በላይኛው ግብጽ፣ አባይ ዳር በተቀመጠችው በነዝለት ሃቢል፣ ይህ ሹመት የክብርት ኡም ዘኻሪ ነበር። ሹመቱን የሰጣቸው የለም፤ ሊሽራቸው የደፈረም አልተገኘም። አጭር፣ ክብ፣ ከአናት እስከ እግር ጥቁር የለበሱ፣ ሲራመዱ ኮቴያቸው የማይሰማ ሴት ነበሩ። በብርዱ ወራት ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ ከወንዙ ሲነሣ፣ እሳቸውም አብረውት ከውሃው የወጡ ይመስላሉ። መጀመሪያ የምስር ድስታቸው ብቅ ይላል፤ ከድስቱ ኋላ እሳቸው። ከዚያ ከመረጡት ቤት የጭቃ መደብ ላይ ይቀመጡና አንዲት ቃል ይናገራሉ።

“ጌታችን አለ።”

የሰማ ሁሉ ያማትባል። ቃሉ መጽናኛ ነው፤ ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ግን መርዶ መርዶ ይሸታል።

ኢየሩሳሌምን ተሳልመው በመምጣታቸው “ሙቀድስ” የሚባሉት ሽማግሌው ፋኑስ፣ አንድ ቀን በራቸውን ቢከፍቱ እሳቸውን አገኟቸው።

“ማን ጠራሽ?”

“ማንም።”

“ታዲያ ምን ልትሠሪ መጣሽ?”

“ልቀመጥ።”

“ሂጂ ከዚህ! እኔ ገና ነኝ! ጥርሴ እንኳ አልተነቃነቀም!”

“ጌታችን አለ፣ ሙቀድስ።”

“እሱማ አለ! እኔ ጋ እንዳትኖሪ የምፈልገው አንቺን ነው!” ብለው ነጠላ ጫማቸውን ወረወሩ። በማግስቱ የሚያልቧት ጎሽ ከመስኖው ቦይ ገብታ ሞታ ተገኘች። ከዚያ ወዲህ ሙቀድስ ፋኑስ ከቤት ከመውጣታቸው በፊት በመስኮት አጮልቀው መደባቸውን ያያሉ።

የሊዛ አማት ደጃፍ ላይም ምስር ሲለቅሙ ዋሉ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ የአማትየዋ ምላስ ተሳሰረ። ሊዛ ግን ይህን ከመከራ አልቆጠረችውም ይባላል። የመንደሩ ቄስ አባ ሰራብዮን ነገሩ ቢበዛባቸው እሑድ “ክርስቲያን በገድ አያምንም” ብለው ሰበኩ፤ ሰኞ ኡም ዘኻሪ በቤታቸው በኩል ሲያልፉ መስኮታቸውን ቀስ አድርገው ሲዘጉ ታዩ።

ፊብሮንያ ይህን ሁሉ ስትሰማ ትስቅ ነበር። ከአስዩጥ በኩል ለሩሽዲ ተድራ የመጣች ገና አዲስ ሙሽራ ናት።

“አንዲት አሮጊት ፈርታችሁ ነው? የእኔ እናት ብታያችሁ በሣቅ ትሞት ነበር” ትላለች።

“ሳቂ” ትላታለች ጎረቤቷ ሊዛ። “መደብሽ ላይ ሲቀመጡ እናይሻለን።”

ፊብሮንያን የሚያስፈራት ሌላ ነበር። ሩሽዲ የሚሠራው ከወንዙ ማዶ፣ ከተራራው የኖራ ድንጋይ ካባ ነው። የመቁረጫው ማሽን ድምፅ ከጠዋት እስከ ማታ እንደ ተርብ እየጮኸ ወዲህ ማዶ ይሰማል። ማታ ማታ ሠራተኞቹ ከቅንድባቸው እስከ ጫማቸው ነጭ ትቢያ ለብሰው ሲመጡ፣ ከመቃብር የተነሡ ይመስላሉ። መቃብሩም ያው እዚያው ነው፤ የመንደሩ ክርስቲያኖች የሚቀበሩት ከካባው ሥር፣ ጉልላታቸው በጭቃ በተሠራ ቤቶች ውስጥ ነው። ሠራተኛውንም ሬሳውንም የምታሻግረው አንዲት ጀልባ ናት። ፊብሮንያ ባሏን መጀመሪያ በዚያ መልኩ ያየችው ቀን ጮኻ በሩን ዘጋችበት፤ ሩሽዲ ደጅ ቆሞ “እኔ ነኝ! ደግሞ ርቦኛል!” እያለ ሲለምን መንደሩ ሁሉ ሰማ።

በገና ጾም አንድ ጠዋት፣ ጭጋጉ ከወትሮው ወፍሮ፣ ፊብሮንያ የዕቃ እጣቢ ልትደፋ በሯን ከፈተች። መደቧ ላይ ጥቁር ነገር ተቀምጧል። ድስት ይዟል።

የያዘችው ሳፋ ከእጇ ሊወድቅ ነበር።

“ምን... ምን አዩ?”

“ምንም አላየሁም፣ ልጄ። እግሬ ነው ያመጣኝ።”

“እግርዎ ሊዛ ጋ ይውሰድዎ!”

“እኔ ጋ አትላኪያቸው!” የሚል ድምፅ ከጭጋጉ ውስጥ ከሊዛ መስኮት መጣ፤ መስኮቱም ጓ ብሎ ተዘጋ።

ፊብሮንያ ሳፋውን መሬት ላይ አስቀመጠች። “ተነሡልኝ” አለች። “በእመቤታችን ይዤዎታለሁ፣ ከደጄ ተነሡልኝ።” ኡም ዘኻሪ አልተነሡም። እጇን ያዙ። እጃቸው እንደ ወንዝ ድንጋይ ይቀዘቅዝ ነበር።

“ጌታችን አለ” አሉ።

ያን ጊዜ ከማዶ ተራራው ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሽማግሌ አጉረመረመ። ከዚያ ማሽኖቹ ዝም አሉ።

ነዝለት ሃቢል በዝምታ የምትደነግጥ መንደር ናት። ያ የተርብ ድምፅ ሲቋረጥ አህያው ማናፋቱን ተወ፣ ሕፃናት ጨዋታቸውን አቆሙ፤ በየቤቱ ሴቶች አንድ በአንድ ወደ ደጅ ወጡ። ፊብሮንያ ድስቱን በእግሯ መታችው፤ ምስሩ መሬት ላይ ፈሰሰ።

“እርስዎ ነዎት ያመጡብኝ! እርስዎ ነዎት!”

ኡም ዘኻሪ ምስሩንም ድስቱንም አላዩም። “ጫማሽን አድርጊ” አሉ። “እዚያ ድንጋዩ ይቆርጣል።”

ጀልባዋ በሴቶች ተሞልታ ተነሣች። ጭጋጉ ውሃውንም ሰማዩንም አንድ አድርጎታል፤ ቀዛፊው አቅጣጫ ጠፍቶት ወደ ማዶ እየተጣራ፣ የሚመልስለትን ድምፅ ተከትሎ ቀዘፈ። መሬት የደረሱት ከፊታቸው የመቃብሮቹ ጉልላቶች አንድ በአንድ ብቅ ሲሉ ነው። 

ከካባው ሲደርሱ የተራራው ፊት ተንዶ ጉድጓዱን ሞልቶታል። የተረፉት ሰዎች ነጭ ለብሰው፣ አፋቸው ደርቆ ቆመዋል፤ የማን ባል የማን ወንድም እንደሆነ አይለይም። ፊብሮንያ በቁመቱ የመሰላትን አንዱን ይዛ ፊቱን በሻሿ ጠረገችው። ሌላ ሰው ነው። ሁለተኛውንም ጠረገች። እሱም አይደለም።

“ሩሽዲና የሥራ ጓደኛው መላክ ናቸው” አላት ሁለተኛው ሰውዬ፤ ዓይኗን ላለማየት ወደ መሬት እያየ። “ከታች ነበሩ።”

የካባው አለቃ እጁን ዘርግቶ ሰዉን ያግዳል። “ማንም እንዳይጠጋ! ተራራው ገና አልረጋም። ማሽን ከከተማ ይመጣል።”

“መቼ?”

“ጭጋጉ ሲገፈፍ።” ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ “ከዚያ በታች ሰው አይተርፍም፣ እህቴ” አለ።

ሴቶቹ ጩኸታቸውን ለቀቁት። ፊታቸውን ሊነጩ ሲሉ ኡም ዘኻሪ መካከላቸው ገቡ።

“ለማን ነው የምታለቅሱት? የታለ ሬሳው?”

“ኡም ዘኻሪ፣ ሰውየው እኮ...”

“ሬሳ አሳዩኝ! ሬሳ ሳላይ ለቅሶ አልቀመጥም!”

ይህን ብለው አለቃውን በክርናቸው ገፋ አድርገው አለፉ፤ ከፍርስራሹ ጫፍ ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ። አለቃው “እናቴ፣ ይጨፈለቃሉ!” ቢላቸው፣ “አንተን አይጨፍልቅህ እንጂ እኔስ ግድ የለኝም” አሉት። ፊብሮንያ ተከትላቸው ሄደች። አልጸለየችም። ተንበርክካ ድንጋዩን ትቧጥጥ ነበር።

“ጌታችን አለ ይላሉ” አለች፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ። “የታለ? እስቲ ያሳዩኝ፣ የት ነው ያለው?”

“እኔ ምን አውቃለሁ?” አሉ ኡም ዘኻሪ። “እዚህ ላይ ከሌለ፣ እነሱ ጋ ታች ነው።”

ከዚያም በዚያ ሻካራ ድምፃቸው “ኪርያላይሶን” ማለት ጀመሩ። አቤቱ ማረን። ሴቶቹ ፈራ ተባ እያሉ ተጠጉ፤ ተቀበሏቸው። ወንዶቹም ከኋላ ተቀበሉ። ጸሎቱ ከፍ ዝቅ እያለ በጭጋጉ ውስጥ ሲሄድ ቆይቶ፣ ትንፋሽ ለመውሰድ ሁሉም ዝም አሉ።

ዝም ባሉበት፣ አንድ ተጨማሪ ድምፅ ከእነሱ ዘግይቶ መጣ።

“ኪርያላይሶን።”

ቀጭን ነው፤ ከሩቅ፣ ከድንጋይ ሥር። ሴቶቹ ወደ መቃብሮቹ ዞረው ጉልላቶቹን አዩ። ሊዛ አንድ እግር ጫማዋን ጥላ ሮጠች። አለቃው “ቢስሚላህ” ብሎ ወደ ኋላ ሸሸ። ኡም ዘኻሪ ብቻ ጆሯቸውን ወደ መሬት አዘነበሉና እንደገና አሉ። መልሱ እንደገና መጣ፤ ዘግይቶ፣ ተንሸዋርሮ፣ ዜማውን ስቶ።

ፊብሮንያ ብድግ አለች። “ሩሽዲ ነው!”

“በምን አወቅሽ?”

“እንዲህ አድርጎ ዜማ የሚገድል ሌላ ማን አለ!”

እውነቷን ነው። ዲያቆኑ ራሱ “ሩሽዲ፣ አንተ በልብህ ጸልይ፤ እግዚአብሔር ልብ ያያል፣ እኛ ግን ጆሮ አለን” ብሎ ለምኖት ነበር። ፊብሮንያ እያለቀሰች ትስቅ፣ እየሳቀች ታለቅስ ጀመር።

ከዚያ በኋላ የሚያግድ ሰው አልተገኘም። ኮቱን አውልቆ መጀመሪያ ድንጋይ ያነሣው አለቃው ነው። ድምፁ በመጣበት በኩል ይቆፍራሉ፤ ቆም ብለው ያዳምጣሉ፤ ሴቶቹ ይላሉ፤ ከሥር ይመለሳል። አንዳንዴ ሳይመለስ ይቀራል። ያኔ የሁሉም እጅ ይዝላል፤ ኡም ዘኻሪ ግን ድምፃቸውን ይበልጥ ከፍ ያደርጋሉ። ሁለት ጊዜ ተራራው አጉረመረመ፤ ሁለቱንም ጊዜ ሰው ሁሉ ባለበት ደርቆ ቆመ፣ መልሶም ጎንበስ አለ።

ጭጋጉ ሳስቶ ፀሐይ የነጣች ሳንቲም ስትመስል ሩሽዲን አወጡት። አንድ እግሩ ከጉልበት በታች ደቅቋል። መላክ ከጎኑ ነበር። ሞቷል።

ሩሽዲ በቃሬዛ ሲነሣ የፊብሮንያን እጅ ይዞ “መላክስ?” አለ። “እሱ ነው የመራኝ። እኔማ ተስፋ ቆርጬ ነበር። እሱ ሲጀምር እኔ እከተላለሁ፤ ጥሩ ድምፅ እንዳለው ታውቂያለሽ። እስከ መጨረሻው አብሮኝ ‘ኪርያላይሶን’ ሲል ነበር።”

ሰዎቹ ቃሬዛውን ተሸክመው መንገድ ጀመሩ። ላይ የነበሩት የሰሙት አንድ ድምፅ ብቻ ነው። በኋላ ሐኪሙ ሬሳውን አይቶ፣ መላክ ድንጋዩ በወረደባት ቅጽበት እንደሞተ ተናገረ።

ኡም ዘኻሪ ወደ ሩሽዲ ቃሬዛ አልሄዱም። ሕዝቡ የዳነውን ከቦ ሲሻገር፣ እሳቸው ከመላክ እናት አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ቀሩ። አሁን ሬሳ አይተዋል፤ አለቀሱ።

ሩሽዲ በአንድ እግሩና በሁለት ምርኩዝ ከሆስፒታል ተመለሰ። ፊብሮንያ ምስር ቀቅላ በአዲስ ድስት ይዛ ኡም ዘኻሪ ቤት ሄደች። ይቅርታ ልትል ነበር፤ ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው።

“እንዴት ነው የሚያውቁት?”

አሮጊቷ ጥርስ በሌለው አፋቸው ሳቁ። “ምኑን አውቄ! በየቀኑ አንድ ደጃፍ እቀመጣለሁ። ምንም ያልሆነበትን ቀን ማን ያስታውስልኛል? አንቺው ጋ ስንቴ ተቀምጬ ሄጃለሁ፤ ገበያ ነበርሽ። በዚህ መንደር የትኛው ደጃፍ ላይ ብትቀመጪ ነው መከራ የሚዘገየው?”

“ታዲያ ለምን ይዞራሉ?”

ኡም ዘኻሪ ከሻሻቸው ጫፍ ክር ሲመዙ ቆዩ። “ልጄን፣ ዘኻሪዬን የበላው ያው ካባ ነው” አሉ። “የዚያን ቀን መንደሩ ሁሉ ለአንድ ቅዱስ ክብረ በዓል ሄዶ ነበር። ቀዛፊው ከጀልባው ሳይወርድ ጮኾ ነገረኝና ተመለሰ። እኔ ከነመርዶዬ ቀረሁ። ‘ጌታችን አለ’ አልኩ። ግድግዳው ዝም። ደግሜ አልኩ። ‘አዎ፣ አለ’ የሚለኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር የፈለግሁት። ብቻሽን ስትዪው ይህ ቃል ይከብዳል፣ ልጄ። ለሁለት ነው የሚነሣው።”

ፊብሮንያ እንባዋን ጠረገች። ልቧ ትንሽ ቀለል አላት። “እንግዲያው የዚያን ቀን እኔ ጋ መምጣትዎ እንዲያው በአጋጣሚ ነው።”

ኡም ዘኻሪ የአዲሱን ድስት ክዳን ከፍተው መልሰው ገጠሙት። 

“የዚያን ቀን የወጣሁት ወደ ሊዛ ነበር” አሉ በመጨረሻ። “በሯ ላይ ደርሼ ልቀመጥ ጎንበስ ብያለሁ። አንድ ሰው ክርኔን ይዞ አሳለፈኝ። ዞር ብል ጭጋግ ነው።” ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር አንዲት ቃል አልወጣቸውም። ፊብሮንያም አልጠየቀችም፤ የአንገቷ ጠጉር ግን ቆሞ ቀረ።

በዐቢይ ጾም መካከል ኡም ዘኻሪ በሳንባ ምች ወደቁ።

ሲያዩአቸው መንገድ ይቀይሩ የነበሩ ሴቶች ጎረፉ። ክፍሉ ሞላ፤ ደጁ ሞላ፤ ሊዛ ትራስ ይዛ መጣች፤ አባ ሰራብዮን ቅብዓ ቅዱስ ይዘው መጡ፤ ሙቀድስ ፋኑስ ሳይቀሩ የሸንኮራ ማር በገንቦ አስይዘው ደጁን ያዙ። የታመሙት ሴትዮ አንድ ዓይናቸውን ገልጠው ይህን ሁሉ ጥቁር ልብስ አዩ።

“ማን ሞተ?”

“ማንም! ማንም አልሞተ!”

“ታዲያ ምን ይገትራችኋል? ቤት የላችሁም? ድስታችሁ አያርርም? የሰው ቤት ደጃፍ መሙላት ነውር አይደለም እንዴ!” ብለው እየተቆጡ ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ሴቶቹ አፋቸውን በሻሻቸው ይዘው ሳቁ። የሄደ ግን የለም። ከሰዓት ትኩሳቱ በረድ ሲል፣ ፊብሮንያ የሩሽዲ ምሳ ትዝ ብሏት ቀስ ብላ ተነሣች። አንድ ነገር የቀሚሷን ጫፍ ያዘ።

ኡም ዘኻሪ አሁንም ፊታቸው ወደ ግድግዳው ነው። ሌላው እንዳይሰማ ድምፃቸውን በጣም ዝቅ አድርገው፣

“አንቺ ግን ቆዪ” አሉ።

ፊብሮንያ ተመልሳ ተቀመጠች። ሩሽዲ የዚያን ቀን ደረቅ ዳቦ በሽንኩርት በላ።