የሥራ አጥ አቀማመጥ

(ጂንካ፣ የጅሩ ጓሮ። ተገኝ ዶማውን ከጎረቤቱ ከጅሩ እጅ ነጥቆ ከአጥሩ ሥር ይወረውራል። ሁለቱም ለሥራ አጦች ለሚሰጠው ድጋፍ አመልክተዋል፤ የቀበሌው ኮሚቴ ቤት ለቤት የሚያጣራው ዛሬ ነው። ተገኝ ያለ እሱ ምክር ማንም እንደማያልፍ እርግጠኛ ነው።)

ተገኝ፦ ኮሚቴውን ዶማ ይዘህ ነው የምትጠብቀው?

ጅሩ፦ እንሰቱን አረም ወረሰው።

ተገኝ፦ ይውረሰው። ስትሠራ ካዩህ ተሰረዝክ።

ጅሩ፦ የምሠራበት ሎጅ ከተዘጋ ወዲህ ደሞዝ የለኝም። አይበቃም?

ተገኝ፦ መምሰልም አለብህ። ተቀመጥ።

(ጅሩ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል።)

ተገኝ፦ እንደሱ አይደለም። ሊያስታርቅ የመጣ ሽማግሌ መሰልክ። ጎንበስ በል፣ እጅህን ጉንጭህ ላይ።

ጅሩ፦ ጥርሴን ያመመኝ አይመስልም?

ተገኝ፦ ይምሰል። «ምን ትሠራለህ?» ቢሉህስ?

ጅሩ፦ ደቦ ሲጠሩኝ እሄዳለሁ።

ተገኝ፦ ደቦ ብለህ እንዳታነሳ። በሕግ ዓይን ያ ሥራ ነው።

ጅሩ፦ እሱንማ ነገርኳቸው።

ተገኝ፦ ለማን?

ጅሩ፦ ለኮሚቴዎቹ። ጠዋት መጥተው ነበር።

ተገኝ፦ ታዲያ እስካሁን ምን ያስቀምጥሃል?

ጅሩ፦ አንተ ነህ ተቀመጥ ያልከኝ።

(ተገኝ ራሱን ይይዛል።)

ተገኝ፦ ዶማውን አዩ?

ጅሩ፦ አዩ። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ኤልሳ «የራስን ጓሮ መኮትኮት፣ ደቦ መውጣት ሥራ አያሰኝም» ብለው አሳለፉኝ።

ተገኝ፦ ዕድለኛ ነህ። ስለ እኔስ ጠየቁ?

ጅሩ፦ ጠየቁ። ውሎው ምንድን ነው አሉ።

ተገኝ፦ ሥራ የለውም አልካቸው አይደል?

ጅሩ፦ እንዴት ብዬ? ሰፈሩን ስታማክር አይደል የምትውለው? ማርያም ዶሮ ሰጠችህ፣ ሚልክያስ ሙዝ፣ እኔ ማር። ጎበዝ ነው ብዬ አመሰገንኩህ።

ተገኝ፦ ስጦታ እኮ ነው። ደሞዝ ነው እንዴ?

ጅሩ፦ እኔም እንደዚያው አልኳቸው። ወይዘሮ ኤልሳ ግን «ይህን ያህል ደንበኛ ያለው ሰው ጂንካ ውስጥ ማን አለ?» አሉ።

(ተገኝ ድንጋዩ ላይ ከጅሩ አጠገብ ይቀመጣል። እጁ ጉንጩ ላይ ነው።)

ጅሩ፦ እንዲህ ሆነህ ቢያዩህ ኖሮ ያሳልፉህ ነበር።

(ጅሩ ድጋፉ ተፈቀደለት። ተገኝ «ሥራ አለው» ተብሎ ተሰረዘ፣ ይግባኙም ውድቅ ሆነ፤ ወይጦ ከተማ ወርዶ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ተቀጠረ።)