ተመስገን ከአሥር ስንት ነው?

በየቀበሌው ሁሉን የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። የዝናቡን ቀን ከሬዲዮው ቀድሞ፣ የሙሽራዋን ሐሳብ ከሙሽራዋ ቀድሞ ያውቃል። በአንኮበሯ ጎረቤላ ይህን ከፍተኛ ሥልጣን የያዙት ክቡር ጋሽ ወልደ ሰንበት ናቸው። ማንም አልሾማቸውም፤ ስለዚህ ማንም ሊሽራቸው አልቻለም።

ወይንሸት የተዋወቀቻቸው ታብሌቷን አቅፋ ከደብረ ብርሃን በመጣች ዕለት ነው። የአገር ዕድገት በምርትና በፋብሪካ ብዛት ብቻ አይለካም፣ ሰዉም ኑሮው እንዴት እንደሆነ ይጠየቅ ተብሎ ለተጀመረ ጥናት መረጃ ትሰበስባለች። ዋናው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፦ «በኑሮዎ ምን ያህል ረክተዋል? ከዜሮ እስከ አሥር ይስጡ።»

ጎረቤላ በአንድ ድምፅ «ተመስገን!» አለ።

ታብሌቱ ደግሞ ቁጥር እንጂ ምስጋና አይቀበልም። «ተመስገን ስንት ነው?» ብትል ሰዉ ደነገጠ። አንድ አዛውንት «ለእግዜር ማርክ ልስጥ?» ብለው አፈጠጡባት። በመጨረሻ ሁሉም አሥር እያለ ገላገላት። የሥራ ተቆጣጣሪዋ ዘላለም የጠየቀቻቸውን የአርባ ቤቶች መልስ በሙሉ መለሰባት፦ «አንኮበር ገነት ሆናለች እንዴ? ድጋሚ እንዲህ ካመጣሽ ውልሽ አይታደስም።»

መንገድ ላሳይሽ ብለው ራሳቸውን በራሳቸው የመደቡት ጋሽ ወልደ ሰንበት ይህን ሲሰሙ ሳሉ። ሳል የእሳቸው ተቃውሞ ነው።

«ተመስገን እኮ አንድ ዓይነት አይደለም፣ ልጄ። ፈጥኖ ከወጣ ስምንት ነው። ትንፋሽ ከቀደመው አምስት። ‹ምን ይደረግ› ካስቀደመማ ከሦስት አይዘልም።»

«አሥርስ?»

«አሥርማ ሰማይ ቤት ነው።»

ወይንሸት ሳቋን ዋጠች። የሰውን መልስ በሌላ ሰው ጆሮ መሙላት ክልክል መሆኑን በትሕትና አስረዳቻቸውና ወይዘሮ ፋንቱ ቤት ገቡ።

«ተመስገን! ምን ጎድሎብኝ!» አሉ ወይዘሮ ፋንቱ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። ወይንሸት ዘጠኝን ልትነካ ስትል ጋሽ ወልደ ሰንበት ሳሉ። ከዚያም እንደ ዋዛ፣ «ላምሽስ፣ ፋንቱ?» አሉ።

«ኧረ ላሟን አያንሡብኝ! መኖ የለ፣ ከሳችብኝ እኮ። ወተቷም ነጠፈ፤ ልጆቹ በደረቁ ነው የሚበሉት...» ወይዘሮ ፋንቱ ከላሟ ተነሥተው ጎተራው ጋ፣ ከጎተራው ጣሪያው ጋ ደረሱ። ሲጨርሱ ወይንሸት ጥያቄውን ደገመችላቸው።

«አራት በይው» አሉ ቀስ ብለው። «እሱም ስለ ልጆቹ ጤና፣ ተመስገን።»

ሲወጡ ጋሽ ወልደ ሰንበት ትምህርታቸውን ቀጠሉ። «ሰው ስለ ራሱ ሲያማርር ፈጣሪን የሚያማ ይመስለዋል። ስለ ላሙ ግን እንደ ልቡ ነው።»

ወይንሸት ከላም እየጀመረች አርባውን ቤት ደገመች። ላም የሌለው ስለ አህያው፣ አህያም የሌለው ስለ አጥሩ አማረረ። ቁጥሩ ከሁለት እስከ ስምንት ተበተነ፤ ዘላለም ተቀበለው፣ ውሏም ታደሰ። ጋሽ ወልደ ሰንበትም በየሰርጉና በየተዝካሩ «እኛና መንግሥት ያጠናነው ጥናት» እያሉ አገር ምድሩን አዳረሱት። ወይንሸት ስትሰማ «አቤት ጉራ!» አለች።

ታኅሣሥ ላይ የደብረ ብርሃን ብርድ ጣላት። የሞቃቱ የአረርቲ ልጅ ናት፤ በከተማው ዘመድ የላትም። በተከራየችው ክፍል ሳምንት ሙሉ ተኛች። እሑድ ከሰዓት ስልኳ ጮኸ።

«እንዴት ነሽ፣ ልጄ?»

«ተመስገን፣ ጋሼ!» አለች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

ከወዲያ ሳል ተሰማ።

«ላምሽስ?»

ወይንሸት በዕድሜዋ ላም ኖሯት አያውቅም። «ላሟማ...» ብላ ስትጀምር እንባዋ ቀደማት። «ላሟማ ከተኛች ሳምንቷ ነው፣ ጋሼ። ውሃ የሚያቀብላት እንኳ የለም።»

በማግስቱ ጋሽ ወልደ ሰንበት ከመጀመሪያው ሚኒባስ ወረዱ። በአንድ እጃቸው የበሶ ቋጠሮ አንጠልጥለው፣ ብርድ ልብስ ወደሚሠራበት ከተማ ብርድ ልብስ ተሸክመው ነው የመጡት። ደራርበው አለበሷት፤ በሶውን ጨብጠው አጎረሷት። በየጉርሻው መሐል ስለ በሶ አሠራር፣ ስለ ሳንባ፣ ስለ ሐኪሞች ስንፍና አስተማሯት። ወይንሸት አንዱንም አላቋረጠችም። እሳቸውን የሰጣትን ፈጣሪ በልቧ አመሰገነች፤ ለየቀበሌው እንዲህ ያለ ሰው እንዳያሳጣም ለመነች።

«አሁንስ እንዴት ነሽ?» አሏት።

«ተመስገን።»

ጋሽ ወልደ ሰንበት ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ቆዩ። አልሳሉም።