ሰባኪው ያላለው

በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከመጥረጊያ ቀጥሎ ምስጋና የማይደርሰው ቢኖር አስተርጓሚ ነው። አይታችሁ እንደሆነ፣ ሰባኪው ኮቱን ቆልፎ ፊት ይቆማል፤ አስተርጓሚው ከጎኑ፣ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ይቆማል። ሰባኪው ሲጮኽ አብሮ ይጮኻል፤ ሰባኪው ሲያለቅስ ባይመጣለትም ድምፁን ሰበር ያደርጋል። ሕዝቡ በቀልዱ ሲስቅ፣ ያሳቀው አስተርጓሚው መሆኑን ማንም ልብ አይልም። ስብከቱ ካማረ "ሰባኪው ይባረክ" ይባላል። ካላማረ ደግሞ አስተርጓሚው አበላሸው!

ባሌ ላምቤቦ ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲህ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ኖረ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሆሳዕና ውስጥ ጂኦግራፊ ያስተምራል፤ ቅዳሜና እሑድ ከከተማ የመጣ ሰባኪ ወደ ገጠር ሲወጣ አብሮ ሄዶ አማርኛውን ወደ ሀዲይኛ ይመልሳል። "አንተ ራስህ ለምን አትሰብክም?" ስለው፣ "ሰባኪማ ሞልቷል፤ እኔ የተሰጠኝን ሳላጎድል ሳልጨምር ካደረስኩ ይበቃኛል" ይለኝ ነበር። እንዳለውም ሳያጎድል ሳይጨምር ኖረ። አንድ ቀን ብቻ ሲቀር።

ያን ቀን አንድ የገጠር መንደር ውስጥ ኮንፈረንስ ነበር፤ እኔም አብሬው ሄጃለሁ። ከፊት ረድፍ ታደለች የምትባል ሴት ተቀምጣ ነበር። የአራት ዓመት ልጇን በወባ ካጣች ወር አልሞላትም። አማቷ "ቤታችን እርግማን ይዛ ገባች" እያለች ልታስባርራት እንደሆነ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። እንግዳው ሰባኪ ግን አያውቅም፤ ማንም አልነገረውም። ሞቅ ሲለው በአማርኛ እንዲህ አለ፦ "ቤትህ ውስጥ ልጅ ከሞተ ኃጢአትህን መርምር! እምነት ባለበት ቤት ሞት በሩን አያልፍም!"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ይባላል። ላምቤቦ ግን አፋፉ ላይ ቆመ። ማይኩን ከአፉ ራቅ አደረገ። ሰባኪው ያልሰማው መስሎት ደገመለት። አማርኛ የማታውቀው ታደለች አንገቷን አስግጋ ባሌን ታያለች።

ላምቤቦ ማይኩን ጠበቅ አድርጎ በሀዲይኛ ተናገረ፦ "ልጅ የሞተባት እናት ካለች ትስማኝ። ልጅሽ በአንቺ ጥፋት አልሞተም። የሚወቅስሽ አምላክ የለንም።"

ሴቶቹ አለቀሱ። ሰባኪው እንባቸውን አየና "ሃሌሉያ! ቃሉ ልብ ነካ!" አለ። ሁለቱንም ቋንቋ የምንሰማ ጥቂቶች ጫማችንን ስናይ ቀረን።

ነገሩ እዚያ ቢያበቃ ምን ነበረበት! ቤት ስንገባ ላምቤቦ ገና ጫማውን ሳያወልቅ፣ "ለሽማግሌዎች መናገር አለብኝ" አለኝ።

"ማን ሰማህና?"

"እኔ ሰማሁ።"

"ሰውዬው ራሱ ደስ ብሎት አይደል እንዴ የሄደው! ምን ቆረጠህ?"

"ሰው የሚያምነኝ የራሱን አይናገርም ብሎ ነው። ያንን እምነት ነክቻለሁ።"

ሄዶ ተናገረ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ክፉ ሰዎች አይደሉም። "ከተጸጸትክ ይበቃል" ብለው ጸልየው ሊሸኙት ሲነሱ፣ "አልተጸጸትኩም፤ ነገም ቢሆን ያንኑ እላለሁ። ግን ሰባኪው ያላለውን መናገሬን እወቁልኝ ብዬ ነው" አላቸው። እስቲ ፍረዱ፤ ጥፋቱን ሊናገር መጥቶ አልጸጸትም የሚል ሰው ለየትኛው ሽማግሌ ይመቻል? እንግዳውን ላለማሳፈር ነገሩን በሆዳቸው ያዙና ላምቤቦን "ለጊዜው እረፍ" አሉት። ያ ለጊዜው የተባለው ሦስት ዓመት ሆነ።

እኔ አንድ ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩት። ዛሬ ያንን ሳምንት ማን ይመልስልኛል?

እሱ ግን አንድም እሑድ አልቀረም። እንዲያውም ከሰው ሁሉ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሄዶ የፕላስቲክ ወንበሮቹን ይወለውልና ይደረድር ጀመር። "ወንበር አማርኛም ሀዲይኛም አያውቅ፤ ተስማምተናል" አለኝ አንድ ቀን። ከዚያ ሌላ ምሬት አልሰማሁበትም። ብቻ ስብከት ሲጀመር ቀና ብዬ ሳየው፣ አጠገቤ ተቀምጦ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ያለ ድምፅ ያስተረጉም ነበር።

ባለፈው ክረምት ስኳር በሽታ ወሰደው። በቀብሩ ላይ የተነበበው የሕይወት ታሪክ ስለ አገልግሎቱ አንድ መስመር ብቻ ነበረው፦ "ቀደም ሲል በአስተርጓሚነት አገልግለዋል።" ቀደም ሲል! ያቺ ቃል ከአፈሩ ይልቅ ከበደችኝ።

በሦስተኛው ቀን ታደለች ሕፃን አዝላ ወደ ለቅሶው ድንኳን መጣች። አልቅሳ ስታበቃ አጠገቤ ተቀመጠችና በሀዲይኛ፣ "እህቴ፣ ያ ሰባኪ ደህና ነው?" አለችኝ።

"የቱ ሰባኪ?"

"ያ 'የሚወቅስሽ አምላክ የለንም' ያለኝ ነዋ! ባሌም አማቴም ሰምተውት ነበር። 'የእግዚአብሔር ሰው ከተናገረ እኛ ምን እንላለን' ብለው ተዉኝ። ይኸው በቤቴ አለሁ፤ ይህችንም ወለድኩ።" ከዚያ እጄን ያዘችና፣ "የአንቺም ባል እንዴት ያሉ ሰው ነበሩ! አንዲት ቃል አያዛቡም ነበር እኮ" አለችኝ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እኔ ሦስት ቀን ሙሉ ስለ እሱ ከአንድ መስመር የበለጠ የሚናገር ሰው ርቦኝ ነበር። "የተናገረው እሱ ነው" ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ምላሴ ላይ ደርሷል። ግን ይህች ሴት በቤቷ የኖረችው ቃሉ የሰባኪው በመሆኑ ነው። የአንድ ጂኦግራፊ አስተማሪ ቃል መሆኑን አማቷ ብትሰማ ምን ልትል እንደምትችል አሰብኩ።

"አዎ፣ አያዛባም ነበር" አልኳት።

"ሰባኪውን ካገኘሽው ሰላም በይልኝ።"

"እሺ፣ አደርስልሻለሁ።"

እንግዲህ እኔም ሰው ነኝ፤ አንድ ቦታ መናገር ነበረብኝ። ታደለች አማርኛ አታነብም፤ ለጥንቃቄ ስሟንም ቀይሬዋለሁ፣ መንደሯንም አልጻፍኩም። የላምቤቦን ስም ግን መቀየር አልሆነልኝም።