ሁዳዴ የጾመው የእርሻ መኪና

ጥበብ ከባሕር ማዶ በመርከብ፣ ከጅቡቲ በባቡር፣ ከድሬዳዋ ደግሞ በካሚዮንና በሰው ግፊት ሐረር በገባችበት በ፲፱፻፳፬ ዓመተ ምሕረት፣ ስሙን በከንቱ መጥራት የማይገባኝ አንድ ጽሕፈት ቤት በፈላና በር አጠገብ ነበር። እኔ እንደሻው የዚሁ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነኝ። ሹማችን ቀኛዝማች ሀብተወልድ ይባላሉ። እሳቸው ያልመከሩበት ነገር ከግቢያችን ወጥቶ አያውቅም፤ የመከሩበትም ቢሆን ብዙውን ጊዜ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ እስከዚያ ዘመን ድረስ አንድም ስሕተት ሠርተን አናውቅም ነበር።

ፈረንጆቹ ትራክተር የሚሉት የእርሻ መኪና ግቢያችን በገባ ዕለት፣ ቀኛዝማች አስበውበት፣ እኔ ጽፌው፣ በአምስቱም የጀጎል በሮች ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። «የእርሻ መኪና ስለ መጣ የበሬ ዘመን አልፏል። ማሳው በመኪና እንዲታረስለት የሚሻ ሁሉ በሬዎቹን ለጽሕፈት ቤቱ ያስረክብ። ሥልጣኔና ኋላ ቀርነት በአንድ ማሳ ላይ ሊተያዩ አይገባም» ይላል። ገበሬው ግን ለዕድገት ልቡ ዝግ ነውና፣ በዚያው ቀን በሬዎቹን እየነዳ በየአማቹ ቤት ደበቀ።

አዋጅ ያከበረ አንድ ሰው ብቻ ተገኘ፤ እሳቸውም ወይዘሮ ለተማርያም ነበሩ። ባላቸው ሞተውባቸው ከልጆቻቸው ጋር ከኤረር በር ውጭ ባለች አንዲት የማሽላ ማሳ የሚኖሩ ሴት ናቸው። ቡሬና ዳልቻ የሚባሉ ሁለት በሬዎቻቸውን በገመድ እየሳቡ መጥተው አስረከቡኝ። እኔም ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ሰጠኋቸው።

«መቼ ነው የሚያርስልኝ ልጄ? የበልጉ ዝናብ ሳይቀድመኝ ነው። ማሽላው ካልተዘራ ዓመቱን የምቀምሰው የለኝም» አሉኝ።

«ዘይቱ እንደ ተመረጠ ነው እሜቴ» አልኳቸው።

አሁን ስለ ዘይቱ ልናገር። መካኒካችን ዐብዱልሐኪም የጀጎል ተወላጅ ነው። ድሬዳዋ በአንድ ጋራዥ ስምንት ዓመት ሠርቷል። መጥቶ መኪናውን ዞረው፣ የማርሹን ሳጥን ክዳን ከፍቶ ጣቱን ሰደደና እንዲህ አለ፦

«ጌታዬ፣ ሳጥኑ ባዶ ነው። ዘይቱ ያው አብሮት በበርሜል መጥቷል። አሁን እንሙላው፣ ኢንሻአላህ ነገ ያርሳል።»

«ነገ?» አሉ ቀኛዝማች፤ ፊታቸው ተለወጠ። «ሳይመከርበት? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማህም?»

ወዲያው የዘይት መራጭ ጉባኤ ተቋቋመ። ሰብሳቢው ቀኛዝማች፣ ለሃይማኖቱ ነገር መሪጌታ ኪዳነወልድ፣ ለብዕሩ እኔ ሆንን። ዐብዱልሐኪም መልሱን አስቀድሞ ስለሚያውቅ፣ ያለ አድልዎ ሊፈርድ አይችልም ተብሎ ከጉባኤው ውጭ ሆነ። በር ላይ ቆሞ ሲጠየቅ ብቻ እንዲናገር ተፈቀደለት።

በርሜሉ ገባ። ሆዱ ላይ የቀይ በሬ ራስ ተሥሎበታል። ቀኛዝማች መነጽራቸውን አድርገው ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«ጸሐፊ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?»

«የሁዳዴ ሁለተኛ ሳምንት ረቡዕ ነው ጌታዬ።»

«የሰርዲን ቆርቆሮ ላይ ምን ተሥሏል?»

«ዓሣ።»

«ውስጡስ?»

«ዓሣ።»

«እንግዲህ የበሬ ራስ የተሣለበት ምን ይዟል?»

ጉባኤው በድንጋጤ አማተበ። የበሬ ሞራ በሁዳዴ፣ ያውም በክርስቲያን ጽሕፈት ቤት ግቢ!

ዐብዱልሐኪም ከበሩ ላይ «ጌታዬ፣ የክብሪቱ ሣጥን ላይ አንበሳ አለ። ውስጡ አንበሳ አለ እንዴ?» አለ።

«ክብሪት አይበላም።»

«ዘይቱም አይበላም።»

«መኪናው ይበላዋል!»

«ወላሂ ጌታዬ፣ ይኼ ዘይት ከምድር ሆድ የሚወጣ ነው፤ እንስሳ የሚባል አልነካውም።»

«ከምድር ሆድ?» ቀኛዝማች በድል አድራጊነት ወደ እኔ ዞሩ። «ጻፍ። ከምድር በታች ስብ ከተገኘ፣ ከምድር በታች የሞተ እንስሳ አለ ማለት ነው። እንዲያውም ይባስ ብሎ ጥንብ ነው።»

መሪጌታ ኪዳነወልድ ለቅዳሴ ሊሄዱ ቸኩለው ነበርና «ስለ ብረት ጾም የተጻፈ አላየሁም» አሉ።

«አይጾምም የሚል ተጽፏል?»

«እሱም አልተጻፈም።»

«እንግዲያው ይጾማል» ብለው ቀኛዝማች ወሰኑ።

«የእርስዎ በቅሎ ትጾማለች?» ሲል ዐብዱልሐኪም ጠየቀ፤ መናገር ሳይፈቀድለት ነው።

«በቅሎ ሣር ነው የምትበላው፤ ዓመቱን ሙሉ ጾመኛ ናት። አንተ ግን አሁን ውጣ።»

በአንድ ድምፅ የተወሰነው እንዲህ ነው። በርሜሉ በሰም ታሽጎ፣ «የፍስክ» ተብሎ ተጽፎበት እስከ ትንሣኤ በግምጃ ቤት ይቀመጥ። የማርሹ ሳጥን በንጹሕ የኑግ ዘይት ይሞላ። ዐብዱልሐኪም እንደገና ተጠርቶ ውሳኔው ሲነገረው እጁን በራሱ ላይ ጫነ።

«ጌታዬ፣ የማርሽ ዘይት ወፍራም የሚሆነው ጥርሱ ላይ እንዲቆይ ነው፤ ብረት ብረትን እንዳይበላው። ኑግ ቀጭን ነው። ሲሞቅ ይሸሻል፣ ሲሰነብት ደርቆ ሙጫ ይሆናል።»

«እኔ ሃምሳ ዓመት ኑግ በላሁ። ደርቄአለሁ?»

ሁላችንም ተመለከትናቸው። ደርቀዋል ያለ አልነበረም፤ ይህም በማስረጃነት ተመዘገበ።

ኑጉን እንድገዛ ወደ ጊደር መጋላ ገበያ የተላክሁት እኔ ነኝ። ዘይት ሻጯ መብሩካ የያዝኩትን ጋን አይታ ሳቀች።

«ማሻአላህ! ይኼ ሁሉ ለማን ሠርግ ነው?»

«ለመኪና ነው።»

«መኪናው ስንት ልጅ አለው?»

ስለ መንግሥት ሥራ ከሴት ጋር እንደማልነጋገር ነገርኳት። እሷ ግን እየቀዳች «ስማኝ ያ ወንድሜ፣ ዕቃው ውስጥ አታሰንብተው። እኔ አንድ እንስራ ረስቼ፣ ከግድግዳው ላይ በአመድና በድንጋይ ፈግፍጌ ነው ያወጣሁት» አለችኝ። ይህን ለጉባኤው አላቀረብኩም፤ መብሩካ የጉባኤው አባል አይደለችምና።

ዓርብ ዕለት መኪናው በኤረር በር ወጥቶ የወይዘሮ ለተማርያም ማሳ ላይ ቆመ። ሕዝቡ ወጣ፤ በሬዎቹን የደበቀው ገበሬ ሁሉ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ያያል። ቀኛዝማች ከድንጋይ ላይ ቆመው ንግግር አደረጉ። «የተወደዳችሁ ያገሬ ሰዎች! እስከ ዛሬ ብረት ያለ ሃይማኖት ሲያርስ ኖሯል። ከዛሬ ጀምሮ ግን ሥልጣኔ ከእኛ ጋር ትጾማለች!» ሲሉ ሕዝቡ አጨበጨበ። ወይዘሮ ለተማርያም ግን ዓይናቸው በሰማዩ ላይ ነበር።

መኪናው በዐብዱልሐኪም ነጂነት ተነሣ። አራት ትልም በሚያስደንቅ ሁኔታ አረሰ። በአምስተኛው ላይ ከማርሹ ሳጥን ሽንኩርት ብቻ የጎደለው የወጥ ሽታ ተነሣና የተሰበሰበውን ጾመኛ ሁሉ አስራበው። ቀጥሎ ጥርስ ሲያፋጭ የሚሰማ ድምፅ መጣ፤ መኪናውም ቆመ።

«ማርሹ ተያያዘ» አለ ዐብዱልሐኪም ወርዶ።

«ስንት ሰዓት ነው?» ሲሉ ቀኛዝማች ጠየቁ።

«አራት ሰዓት ነው» አልኩ።

«ጥፋቱ የእኛ ነው! ጾመኛ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል ሳይቀምስ ይህን ያህል ሥራ ይሠራል? ይረፍ።»

እስከ ዘጠኝ ሰዓት በፀሐይ ጠበቅነው። ዘጠኝ ሲሆን አንድ ቆርቆሮ ኑግ ተጨመረለት፤ አልተነሣም። ቀኛዝማችም ይህ ጾሙን አክፋይ የሆነ መኪና ነው ብለው አደነቁት፤ እስከ ፋሲካ ባለበት እንዲቆይ አዘዙ።

ከዚያ ወዲህ ወይዘሮ ለተማርያም በየሰኞው ጽሕፈት ቤት ይመጡ ጀመር። ደመናው ከቆንዱዶ ተራራ ላይ በየቀኑ ዝቅ ይል ነበር።

«ጌታዬ፣ በሬዎቼን ይመልሱልኝ። ማሳዬ ጦም ሊያድር ነው» ይላሉ።

«እሜቴ፣ አገር ሁሉ ጾም ላይ አይደለም እንዴ? ማሳው ምን የተለየ ነው?» ይሏቸዋል ቀኛዝማች።

«ልጆቼ ግን በመስከረም ምን ሊበሉ ነው?»

«መስከረም ገና ነው።»

እየወጡ ሲሄዱ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሲጠርጉ አይቻለሁ። አዘንኩላቸው፤ በእውነት አዘንኩ። ነገር ግን ማዘን በሥራዬ ዝርዝር ውስጥ ስለሌለ ያዘንኩት በምሳ ሰዓት ነው።

ፋሲካ ደረሰ። በማግሥቱ በርሜሉ በሥነ ሥርዓት ወጥቶ ሰሙ ተፈታ። ዐብዱልሐኪም የድሮውን ዘይት ሊያፈስ ከሥር ያለውን ቡሎን ፈታው፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። ክዳኑን ከፍቶ ሽቦ ሰደደ፤ ሽቦው ቆሞ ቀረ። የኑጉ ዘይት ከጥርሶቹ ጋር አንድ አካል ሆኗል። እኔም በዕለቱ መዝገብ «መኪናው ጾሙን እጅግ ስለ ወደደ መግደፍ እምቢ ብሏል» ብዬ ጻፍኩ። ቀኛዝማች ፈረሙበት።

ማክሰኞ ዝናቡ ወረደ። በዚያው ቀን ደግሞ ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ ሰው፣ በመኪና የታረሰውን ማሳ ሊጎበኙ ዓርብ እንደሚገቡ ቴሌግራም መጣ። ቀኛዝማች ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ጉባኤ ተናገሩ።

«ዐብዱልሐኪም፣ ልጄ፣ ምን ይሻላል?»

«በሬዎቹን ይስጡኝ ጌታዬ።»

ወይዘሮ ለተማርያም ሞፈርና ቀንበራቸውን ይዘው ወጡ። ቡሬና ዳልቻ በሁለት ቀን ማሳውን ገለበጡት። መኪናው ጥግ ላይ ዝናብ እየመታው ቆሞ ያይ ነበር። ለጎብኚው ባዘጋጀሁት ጽሑፍ ላይ «ማሳው ሲታረስ መኪናው በቦታው ተገኝቷል» አልኩ፤ ሐሰት የለበትም።

ትልቁ ሰው ዓርብ መጡ። ማሳውን አዩ፤ ተደሰቱ። ከዚያ ወደ መኪናው ተጠግተው እንደሚያውቅ ሰው በከዘራቸው መታ መታ አደረጉትና ጠየቁ።

«ሞተሩ የት ነው?»

ቀኛዝማች ላብ አጠመቃቸው። እጃቸው ሳያስቡት በአጥሩ ሥር ወደሚያመነዥኩት በሬዎች ተዘረጋ። «ያው... ለዕረፍት ወጥቶ ነው።»

ትልቁ ሰው በሬዎቹን ተመለከቱ። አላዋቂ እንዳይባሉ ፈርተው ይመስለኛል፣ ራሳቸውን በጥልቀት ነቀነቁ። «ሁለት ሞተር ነው ያለው?»

«አዎን፣ የቀኝና የግራ።»

«ዘይታቸውስ?»

«ገለባ ነው ጌታዬ» አለ ዐብዱልሐኪም።

«ቆጣቢ ነው። በጽሕፈት ቤቱ ንብረት ይመዝገቡ» ብለው አዘው ሄዱ። መዘገብኳቸው፤ ሞተር ቁጥር አንድ፣ ቀለሙ ቡራቡሬ፤ ሞተር ቁጥር ሁለት፣ ቀለሙ ግራጫ።

ወይዘሮ ለተማርያም ይህን ሲሰሙ ማሳው ዳር ተቀመጡ። «በሬ ሰጥቼ፣ በበሬዬ አርሼ፣ በሬ አጣሁ?» አሉ። ዐብዱልሐኪም ግን በዚያው ቀን ቀኛዝማች ዘንድ ገባ።

«ጌታዬ፣ የሞተሮቹ ገለባ የጤፍ ይሁን የገብስ ማን ይምረጥ?»

ቀኛዝማች ደንገጥ አሉ። ሌላ የዘይት ምርጫ ለማካሄድ ጉልበት አልቀረላቸውም ነበር። «አንተ ምን ትላለህ?»

«ለጥገና ይውጡ። ወይዘሮ ለተማርያም ግቢ ገለባም ውኃም አለ። በየዓመቱ በበልግ እየተፈተኑ እዚያው ይቀመጡ።»

«ጥገናው እስከ መቼ ነው?»

«እስኪያረጁ ነው ጌታዬ።»

ቀኛዝማች እፎይ ብለው ፈረሙ፤ እኔም አተምኩ። ደብዳቤውን ይዤ፣ ሁለቱን ሞተሮች እየነዳሁ ወደ ኤረር በር ወረድኩ። ወይዘሮ ለተማርያም በሬዎቻቸውን አንገት ላንገት አቀፏቸው፤ ከዚያም ደብዳቤውን እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። «ሞተር ቁጥር አንድና ሁለት ለላቀ ጥገና በባለ አደራነት የተሰጡ ስለ መሆናቸው» የሚለውን እስከ ማኅተሙ አነበብኩላቸው።

አዳምጠውኝ ሲያበቁ «ልጄ፣ ይህ ሁሉ ሹምና ጸሐፊ ባለበት አገር፣ በሬን በሬ የሚል አንድ ሰው ይጥፋ?» አሉኝ።

ጥያቄያቸው ተገቢ ሆኖ ስላገኘሁት በጽሑፍ ለጉባኤው አቅርቤዋለሁ። ከሰኔ ጾም በኋላ ይመከርበታል።