በጋሽ አሰፋ ጆሮ የተስተካከለችው ሞተር

ዛሬ የደረሰብኝን ስነግራችሁ "ይሄ ደግሞ ምን ያናድዳል?" ትሉኝ ይሆናል። እስከ መጨረሻው አንብቡና ከዚያ ፍረዱ።

እግሬ አብጦ ነው የምጽፈው። ንዴቴ ግን ከእግሬ በላይ አብጧል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባባ ሲያርፍ አንድ አሮጌ ሞተር ሳይክል ትቶልናል። የካ ሚካኤል ባለው ግቢያችን ውስጥ ላስቲክ ለብሳ ቆማለች። ወንድሜ ዳዊት ደግሞ ቦታውን ለመኪናው ይፈልገዋል። "ቆርቆሮ ታቅፈን እስከ መቼ?" ይላል። ገዢም አግኝቷል።

ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ "እሺ፣ ዛሬ እንጦጦ አናት ወጥታ ከተመለሰች አልሸጣትም። መንገድ ላይ ቆማብሽ ከቀረች ግን ሰውዬው ከሰዓት ይወስዳታል" አለኝ።

ዲል! ተስማማን።

እኔ እኮ ለሞተር ባዳ አይደለሁም። አባባ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲነካካት ካጠገቡ ቁጭ ብዬ ነው ያደግኩት። ታይሚንጓን፣ ማለትም ካንዴላው ብልጭ የሚልበትን ቅጽበት፣ የሚያስተካክለው በጆሮው ነበር። ሞተሯን ያስነሳል፣ የጎን ክዳኗን ይከፍታል፣ ብሎኑን ላላ ያደርግና ውስጥ ያለችውን ክብ ሳህን በካቻቢቴ ትንሽ ትንሽ ያዞራል። ያዳምጣል።

"ድምፁ ፈጠን ብሎ ደስ ሲልሽ እንዳትሸወጂ፣ ትንሽ መልሺው" ይለኝ ነበር። "አለበለዚያ ዳገት ላይ ታዋርድሻለች።"

ጠዋት ልክ እንደሱ አደረግኩ። ድምጿ ረጋ አለልኝ። ዱክ ዱክ ዱክ። ብሎኑን ላጠብቅ ስል ጋሽ አሰፋ መጡ።

ጋሽ አሰፋ ጎረቤታችን ናቸው። ከመዝገብ ቤት ጡረታ የወጡ፣ የሰፈሩ ሽማግሌ፣ ክፉ ቃል የማይወጣቸው ሰው። ሞተር ነድተው አያውቁም። መኪናም ኖሯቸው አያውቅም። መፋቂያቸውን ከአፋቸው አውጥተው ጆሯቸውን ዘንበል አደረጉ።

"ይሄ ዘግይቷል" አሉ።

"ጋሼ፣ ልክ ነው እኮ። አባባም እንዲህ ነበር..."

"አባትሽን ከአንቺ በፊት አውቀዋለሁ። ድምፁ ተኝቷል። እስቲ አምጪው።"

ዳዊትን አየሁት። "ሜሪ፣ ትልቅ ሰው ሲናገር ስሚ እንጂ" አለኝ።

ካቻቢቴውን ሰጠኋቸው።

ያውም በሁለት እጄ!

አዞሩት። ሞተሯ ፈጠነች፣ ጮኸች። ዳዊት አጨበጨበ። "ይኸው፣ ነቃች" አሉ ጋሼ። አባባ ያስጠነቀቀኝ ድምፅ ይኸው መሆኑን እያወቅኩ፣ ብሎኑን ራሳቸው ሲያጠብቁት ዝም ብዬ አየሁ።

ዝም ብል እንኳ ጥሩ ነበር። ቪዲዮ ቀርጬ "ጋሼ ማጂክ" ብዬ ስቶሪ ላይ ለጠፍኩት። ላይክ ያደረጋችሁ ሁሉ ስማችሁን ይዣለሁ።

ሜዳው ላይ በረረች። ዳገቱ ሲጀምር ግን ቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር እንደሚናጥ ዓይነት ድምፅ ጀመራት። ማርሽ ቀነስኩ፤ ባሰባት። የእሷ ጉልበት እየከዳት፣ ሙቀቷ የኔን ጉልበት እየለበለበ ሄደን ሄደን ባሕር ዛፉ መሃል ቆመች።

ማስነሻዋን በእግሬ ረገጥኩ። መልሳ ረገጠችኝ። ብልጭታው ቀድሞ ሲመጣ ማስነሻው ወደ ኋላ ይመታል፤ ቅልጥሜን አገኘኝና አስፋልቱ ላይ ዘጭ አልኩ። ጫማዬ ቦይ ውስጥ ገባ።

ይሄኔ ልምምድ ላይ ያሉ ሯጮች ዳገቱን እየሮጡ አለፉኝ። አዎ፣ በእግራቸው። አንዷ ፍጥነቷን ሳትቀንስ "እህቴ፣ ይዘንሽ እንሂድ?" አለችኝ።

ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ አንዲት እናት አጠገቤ ቆሙ።

"ማን ሠራልሽ ልጄ?"

"ጎረቤቴ።"

"መካኒክ ነው?"

"አይ፣ መዝገብ ቤት ነበሩ።"

ጫማዬን ከቦይ አውጥተው ሰጡኝና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ሳህኗን ወደነበረችበት መመለስ አለብኝ። ካቻቢቴውስ? ጋሽ አሰፋ ኪስ ውስጥ። ምን እንዳልኩ እዚህ አልጽፍም። ከባሕር ዛፎቹ ሌላ የሰማኝ የለም።

እስክትቀዘቅዝ ጠበቅኩ። ከቦርሳዬ አንድ ሳንቲም ፈልጌ በጠርዙ ክዳኗን ፈታሁ፣ ብሎኑን አላላሁ፣ ሳህኗን እሳቸው ካዞሩበት መለስኩ። ረገጥኩ። ተነሳች። አዳመጥኩ። ትንሽ መለስኩ። አዳመጥኩ። ጥፍሬ ተሰብሯል፣ እጄ ዘይት በዘይት ሆኗል፣ ግን ድምጿ ረጋ ሲል እንባዬ መጣ። በልጅነቴ ቅዳሜ ጠዋት ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ ድምፅ ራሱ ነበር።

አናት ወጣሁ። አንድ ጊዜ እንኳ ሳታስቸግረኝ ተመለስን።

ዳዊትና ጋሽ አሰፋ በራችን ላይ ይጠብቁኛል። ዳዊት ወዲያው ለገዢው ደወለና "ይቅርታ ወንድሜ፣ ሐሳባችንን ቀይረናል" አለው። ቃሉን ጠብቋል፤ እሱን አልክድም። ከዚያ ዞሮ ማንን አቀፈ?

ጋሽ አሰፋን።

"እርስዎ ባይኖሩ ዛሬ ተሸጣ ነበር ጋሼ።"

"ጆሮ ነው" አሉ እሳቸው። "ጆሮ ተሰጥኦ ነው።"

"ዳዊት፣ እኔ እኮ መንገድ ላይ መልሼ ነው ያስተካከልኳት" አልኩ።

"በምን?"

"በሳንቲም።"

ሳቀ። ጋሼም ሳቁ፤ ትከሻዬን መታ መታ እያደረጉ። "አይዞሽ፣ አንቺም ቀስ እያልሽ ትለምጂዋለሽ።"

ካቻቢቴውን ከኪሳቸው አውጥተው መለሱልኝ። ያን ሁሉ ዳገት ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ ያለው ንግግር።

"እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ" አልኩ። ጎንበስ ብዬ።

አሁን ቅልጥሜ ላይ በረዶ ይዤ ይህን ስጽፍላችሁ ጋሽ አሰፋ በአጥር በኩል ተጣሩ። ስገባ ድምጿን ሰምተው አልጣማቸውም። ቅዳሜ ጠዋት መጥተው እንደገና ሊያዩልኝ ነው።

"አይሆንም" ልላቸው ነበር። እምላለሁ፣ አፌን ከፍቼ ነበር።

"እሺ ጋሼ" አልኩ። "ቁርስም እኛ ጋ ይበላሉ።"

እኔን ግን ምን ይሻለኛል?