ለፊንታን ፊት የሚስማማ ቅባት

ትንሽ ከተማ ውስጥ የኖረ ሰው ሁሉ አንዲት እንዲህ ያለች ሴት ያውቃል፦ ገበናህን ለሌላ የምታወራ ሳትሆን ገበናህን ራስህን፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ጮክ ብላ የምትጠይቅህ። ሐሜተኛ አይደለችም። ሐሜተኛ ቢያንስ ዞር እስክትል ይጠብቅሃል።

በአየርላንድ ምዕራብ ዳርቻ፣ በኪልቫራ፣ ይህን ማዕረግ የያዙት ወይዘሮ ዲምፕና ጋቫጋን ናቸው። በከተማዋ ብቸኛ መድኃኒት ቤት ከባንኮኒው ኋላ ሠላሳ አንድ ዓመት ቆመዋል። ቁመታቸው አጭር ነው፤ ድምፃቸው ግን ከባሕሩ የሚመጣውን ነፋስ ሰንጥቆ መንገድ ማዶ ካለው ሥጋ ቤት ይደርሳል። የማንን ሆድ ምን እንደነካው ሥጋ ሻጩ ከሐኪሙ እኩል ያውቃል ይባላል።

አዛውንቱ ማላኪ አንድ ቀን ለመቀመጫ ኪንታሮት የሚቀባ ነገር ፈልገው፣ ባንኮኒው ላይ ደገፍ ብለው በሹክሹክታ ጠየቁ።

“የውስጡ ነው የውጩ?” አሉ ወይዘሮ ዲምፕና። ከማላኪ ኋላ ሰባት ሰው ተሰልፏል። ማላኪ ወደ ሰልፉ ዞር ብለው ሲያዩ ጊዜ፣ “እሺ፣ ስትቀመጥ ነው ስትነሳ የሚብስብህ?” ብለው ቀጠሉ።

የደብሩ ቄስ የፎረፎር ሻምፑ ሊገዙ ገብተው “አባ፣ እርስዎን የሚያጋልጥዎት ይሄ ጥቁር ልብስዎ ነው” ተብለው ወጥተዋል። ሰው ፊቱ ሲለዋወጥ ካዩ ደግሞ ሁልጊዜ የሚሏት አንዲት ነገር አለቻቸው፦ “ምን ያሳፍራል? እዚህ ያለነው ሁላችንም ቆዳ ለባሾች ነን።”

ስለዚህ የኪልቫራ ሰው የሚያሳፍር ነገር ሲይዘው መኪናውን አስነስቶ አርባ ኪሎ ሜትር ርቆ ወዳለው ከተማ ይሄዳል። ችግሩ ሁሉም እዚያው መሄዱ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ግማሹ ኪልቫራ እዚያ መድኃኒት ቤት ሰልፍ ላይ ይገናኝና አንዱ ሌላውን “ትንሽ ሳል ይዞኝ ነው” ይለዋል።

ፊንታን ደርካንም ከነዚህ ባለ ሳሎች አንዱ ነበር። የሃምሳ አራት ዓመት ሰው ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድቷል። በዕድሜው አንድ ጠብታ መጠጥ ቀምሶ አያውቅም። በአሥራ ስድስት ዓመቱ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ “አልጠጣም” ብሎ ቃል ሲገባ የተሰጠችውን ትንሽ ዓርማ እስከ ዛሬ ኮቱ ላይ ይሰካታል። ፊቱ ግን ቃል አልገባም። ጉንጮቹና አፍንጫው ሁልጊዜ ቀይ ናቸው። ሠርግ ላይ የማያውቀው ሰው ሁሉ ሳይጠይቀው ዊስኪ ይቀዳለታል፤ “አልጠጣም” ሲል ትከሻውን መታ መታ እያደረጉ “ጎበዝ፤ ካቆምክ ስንት ቀን ሆነህ?” ይሉታል።

ይህንን ለምዶት ነበር። በየካቲት ግን የአውቶቡሱ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ጠራው። አንድ ወላጅ፣ ሾፌሩ ጠዋት ጠዋት ጠጥቶ የሚመጣ ይመስላል የሚል አቤቱታ አቅርቧል። የማን እንደሆነ አልተነገረውም። ፊንታን እዚያው ቆሞ የትንፋሽ መለኪያው ውስጥ ነፋ። ዜሮ።

“ማሽኑ ዜሮ ይላል፤ እኔም አምንሃለሁ” አለ ሥራ አስኪያጁ። “ወላጆች የሚያዩት ግን ማሽኑን አይደለም። ሁለት ልጆች ከሰኞ ጀምሮ ቀርተዋል። ሌሎቹም ከተከተሉ መስመሩን ለሌላ ሾፌር ከመስጠት በቀር ምን አደርጋለሁ? እስቲ ፊትህን አንድ ነገር አድርገው።”

ፊቱ የያዘው ነገር ስሙ ሮዛሺያ እንደሚባል፣ ቆዳው በትንሽ በትልቁ እየተቆጣ የሚቀላ በሽታ እንጂ መጠጥ ያመጣው እንዳልሆነ አንዲት ሐኪም ቀደም ብላ ነግራው ነበር። መድኃኒት አዘዘችለት፤ “ከሱ ጋር ደግሞ ቆዳህን የሚያለሰልስ ረጋ ያለ ቅባት ፈልግ” አለችው። ረጋ ያለ ቅባት ምን ዓይነት እንደሆነ አልጠየቃትም። አርባ ኪሎ ሜትሩን ነድቶ፣ መደርደሪያ ፊት ሁለት ደቂቃ ቆሞ፣ በረዶ የለበሰ ተራራ የተሳለበትን ቱቦ አንስቶ መጣ። በረዶ ያበርዳል ብሎ። ውስጡ ግን ናና ነበረበት። በማግስቱ ጠዋት በአውቶቡሱ መስታወት ያየው ፊት ከፍሬን መብራቱ ጋር የሚፎካከር ነበር።

ከዚህ በኋላ የቀሩት ወይዘሮ ዲምፕና ብቻ ናቸው።

ዓርብ በስምንት ሰዓት፣ መኪናው ውስጥ ሃያ አምስት ደቂቃ ተቀምጦ የመጨረሻው ደንበኛ እስኪወጣ ጠበቀና ዘልሎ ገባ። እሱ ሲገባ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ፤ መንገድ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ተከትሎት ሊጠለል ገባ። ማላኪ መጡ፤ ሌሎች ሦስት አራት ሰዎች መጡ። ኖሪን ሞራንም መጣች። ከአውቶቡሱ የቀሩት ሁለት ልጆች የኖሪን ናቸው።

“ለፊት የሚሆን ቅባት ነበር” አለ ፊንታን በለሆሳስ።

“ለማን ፊት?”

“ለእህቴ።”

“እህትህ ያለችው አውስትራሊያ ነው። ና ወደ መብራቱ።”

ወይዘሮ ዲምፕና መነጽራቸውን አድርገው ከመደርደሪያው አንድ አንድ እያወረዱ፣ በየማሸጊያው ላይ ያለውን ደቂቅ ጽሑፍ ለተጠለለው ሕዝብ ማንበብ ጀመሩ።

“ይሄ የጽጌረዳ ሽቶ አለው። ያንተ ቆዳ ሽቶ ሲነካው ይጮሃል፤ ይቅር። ይሄኛው ውድ ነው፤ ውድ የሆነው ግን ማሸጊያው ነው፤ ይቅር። ይሄ ደግሞ...” ቆም ብለው ከመነጽራቸው በላይ አዩት። “አልኮል አለበት። ሃምሳ አራት ዓመት በአፍህ ያላስገባኸውን አሁን በጉንጭህ ልትጀምር ነው?”

ማላኪ ሳቁ። ፊንታን ወለሉን አየ።

“ሮዛሺያ ነው አይደል?” አሉ።

“አዎ።”

“አልሰማሁህም።”

“አዎ፣ ሮዛሺያ ነው።”

“እናትህም ነበረባት። ማላኪ፣ ብሪጂት ደርካን ምን ትጠጣ ነበር?”

“ብሪጂት?” አሉ ማላኪ። “የገና ኬክ ዊስኪ አለበት ብላ አትበላም ነበር እኮ። ፊቷ ግን እንደ ልጇ ነበር።”

“ምን ያሳፍራል?” አሉ ወይዘሮ ዲምፕና ለፊንታን። “ሁላችንም ቆዳ ለባሾች ነን።” በመጨረሻም አንድ ነጭ ቱቦ አወረዱ። “ይሄ ሽቶ የለውም፣ አልኮል የለውም፣ ናና የለውም። ሥዕልም የለውም። መጀመሪያ ከአገጭህ ሥር ትንሽ ትቀባና ሦስት ቀን ትጠብቃለህ፤ ካላቃጠለህ ወደ ላይ ትወጣለህ። ፊትህን ለብ ባለ ውኃ ታጠብ። በፎጣ አትፈትገው፣ ድስት አይደለም። ሻይህን አብርደህ ጠጣ። እሳት አጠገብ አትቀመጥ። ነፋስ አይምታህ።”

“ታዲያ ኪልቫራ ውስጥ ምን ቀረኝ?”

“ዝናቡ” አሉ። ከዚያም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ “ኖሪን፣ አንቺ ዓይንሽ ደህና ነው። ነይማ እዪልኝ” አሉ።

ኖሪን የጥርስ ብሩሽ መደርደሪያውን ብዙ የሚነበብ ነገር እንዳለበት ሁሉ ተጠግታ ቆማለች። “እኔ?”

“አዎ። ጉንጩ ላይ ያሉት የደም ሥሮች ናቸው ወይስ ሽፍታ? ጠጋ በይ። ጠጋ።”

ኖሪን ጠጋ አለች፤ አፍንጫዋ የፊንታንን አፍንጫ ሊነካ ምንም አልቀረውም። ፊንታን ትንፋሹን ያዘ።

“ተንፍስ እንጂ፤ ታንቀህ እዚሁ እንዳትሞትብኝ” አሉት ወይዘሮ ዲምፕና።

ተነፈሰ፤ ረጅም ትንፋሽ ነበር። ኖሪን የደም ሥር ለማየት ከሚያስፈልገው ጥቂት አልፋ እዚያው ቆየች።

“ምንድን ነው?”

“የደም ሥር ነው” አለች ኖሪን።

“ሌላስ?”

“ሌላ ምንም የለም።” ፊቷ ቀልቶ ነበር፤ ለአፍታ ከሁለቱ ታማሚው ማን እንደሆነ ለመለየት ያስቸግር ነበር።

ፊንታን ተናዶ ወደ ቤቱ ነዳ። እዚያ መድኃኒት ቤት ሁለተኛ ላይረግጥ ማለ። ሰኞ ጠዋት ግን በሞራን ቤት በር ሲያልፍ እግሩ በልማድ ፍሬኑን ረገጠ፤ ሁለቱ ልጆች ቦርሳቸውን አዝለው ቆመዋል። ኖሪን ከኋላቸው እጇን ግማሽ ያህል አነሳችለት። ከአገጩ ሥር የቀባው ቅባትም እስከዚያ ቀን አላቃጠለውም።

በስድስተኛው ሳምንት ቱቦው አለቀ። ቅላቱ ጨርሶ ባይጠፋም ረገብ ብሏል። መሐላውን ረስቶ ሄደ። ማላኪና ሌሎች ሦስት አዛውንቶች ወንበሮቹ ላይ ተቀምጠው መድኃኒታቸውን ይጠብቃሉ። ፊንታን ጎንበስ ብሎ “አቤቱታውን ያቀረበችብኝ ኖሪን መሆኗን እንዴት አወቁ?” አላቸው።

“እኔ ስለ ደንበኞቼ አላወራም” አሉ ወይዘሮ ዲምፕና። ፊታቸው ላይ የቀልድ ምልክት አልነበረም።

ፊንታን ሳቁን ሊለቀው ሲል በሩ ተከፈተ። የገባችው የኮቷን ኮሌታ እስከ ጆሮዋ ያነሳች፣ ዓይኗ በለቅሶ ያበጠ ሴት ነበረች። ፊንታን ያውቃታል። ወንበር ላይ ያሉት አራቱም ቀና ማለት ጀመሩ።

ወይዘሮ ዲምፕና ወደሷ አላዩም። “ፊንታን ደርካን፣” አሉ፤ ሥጋ ሻጩ ሳይሰማቸው አልቀረም፤ “አፍንጫህስ? ስለ አፍንጫህ እኮ ምንም አልነገርከኝም።”

አራቱም ራሶች ወደ ፊንታን አፍንጫ ዞሩ። በዚህ መሐል የወይዘሮ ዲምፕና ግራ እጅ ከባንኮኒው ሥር አፉ የታሸገ የወረቀት ከረጢት አወጣና፣ ስም ሳይጠራ፣ ምንም ሳይጠይቅ፣ ወደ ባንኮኒው ጫፍ አንሸራተተው። የሴቲቱ እጅ ተቀበለው። ያየ ፊንታን ብቻ ነው። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ፣ ከተማው የማላኪን መቀመጫና የቄሱን ፎረፎር ሲያዳምጥ፣ ስንት ከረጢት በዚያ ጫፍ እንዳለፈ አሰበ።

ሴቲቱ በሩ ጋ ለመድረስ ገና ስድስት እርምጃ ይቀራታል። ፊንታን ቆቡን አወለቀ፤ ፊቱን ወደ መብራቱ አዞረ፤ አርባ ተማሪ ጸጥ በሚያሰኝበት ድምፁም ተናገረ።

“አፍንጫዬማ ከጉንጬ ይብሳል። ማላኪ፣ ይምጡና እርስዎም ይዩት እስቲ።”

በሩ ከሴቲቱ ኋላ ቀስ ብሎ ሲዘጋ፣ ማላኪ ገና መነጽራቸውን እየፈለጉ ነበር።